ሴት ቀላድ አትጥልም

ሰኞ፣ እንጅባራ

የሥራ ባልደረባዬን ዓለሙን ደበደቡት። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። የዘንገና ሐይቅን ጥልቀት የምንለካበት ገመድ ተጠላልፎብን፣ ልንፈታው ብለን ገብሱ ከታጨደበት ማሳ ላይ ዘረጋነው። በዚህ አገር፣ በሰው እርሻ ላይ ገመድ! "ቀላድ መጣ! መሬታችንን ለግብር ሊለኩት ነው!" የሚል ጩኸት ከኮረብታው ወረደ፤ ዱላው ተከተለ። የዓለሙ ክንድ ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። አንድ ጎረምሳ ገመዱን በማጭድ ቆራረጠና ዱላውን ወደ እኔ አነሣ። የማሳው ባለቤት አያ ፈንታ እጁን ያዙት።

"ተው! ሴት ቀላድ አትጥልም። ወጥ ሠሪያቸው ትሆናለች።"

ተረፍሁ። ደሜ ግን ፈላ።

ማክሰኞ፣ ዳንግላ

ዓለሙን በጭነት መኪና አመጣሁት። ድሬሰሩ ክንዱን ሲያስርለት ዓለሙ ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠው። "እንመለስ፣ ሐይቁ የትም አይሄድም" ይለኛል። ለእሱማ አይሄድም፤ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አብረን ተመርቀን፣ በውጤት በልጬው፣ እኔ ግን የዓመት ውል ነኝ። ያለዚህ ልኬት ውሌ አይታደስም። ኃላፊያችን ሲቀጥረኝ "ነገ ታገቢና ወንበሩ ባዶ ይቀራል" ብሎኛል።

አዲስ አበባ ደወልሁለት። "ድሮም ሴት ልጅ ወደዚያ መላክ ስህተት ነበር። ተመለሱ" አለ። የተሰበረው የወንድ ክንድ፣ ስህተቱ የሴት! ስልኩን ግድግዳው ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ።

አልመለስም።

ረቡዕ፣ ዘንገና

ብቻዬን አያ ፈንታ ቤት ሄድሁ። ወጥ ሠሪ ነኝ ብል ማንም አይነካኝም ነበር። አፌ እምቢ አለ።

"አያ ፈንታ፣ ገመዱ የእኔ ነው። የምለካው ውሃውን እንጂ መሬታችሁን አይደለም" አልኋቸው።

ያ ጎረምሳ ደጅ ቆሞ ይሰማ ኖሯል፤ ገብቶ ጸጉሬን ጨመደደ። ገመዱን ወደ ታች የሚስበው ብረት በእጄ ነበር፤ አፉ ላይ አሳረፍሁበት። ጥርሱ መሬት ወደቀ። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጎረቤቱ ተሰብስቦ በአገውኛ ተጨቃጨቀ። በመጨረሻ አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩ።

"ገመዱ መሬታችንን እንዳይነካ ዋስ ትጥራ ይላሉ። የሴት ዋሷ አባቷ ነው፤ ባሏ ነው። ማን አለሽ?"

"እዚህ ማንም የለኝም።"

ተነሥተው ከአጠገቤ ቆሙ። "እንግዲያው እኔ ነኝ። አንቺ ልጅ፣ ገመዱ አፈር ከነካ ግን መጀመሪያ የሚገድሉት እኔን ነው።"

ሐሙስ፣ ዘንገና

የተቆራረጠውን ገመድ ቀጣጥዬ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ጠመጠምሁት። ቁልቁለቱን ስወርድ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ቆመዋል፤ ጎረምሳው ጠመንጃ ይዟል። በጎማ ጀልባችን ሐይቁ መሐል ገባሁ። ገመዱን ለቀቅሁት፣ ለቀቅሁት፤ ከወለሉ ሳይደርስ አለቀ። አለቀስሁ። ከዚያ መቀነቴን ፈትቼ ቀጠልሁበት። ደረሰ! መዳፌ ተልጦ ነበር፤ አልተሰማኝም።

ስመለስ ርጥቡ ገመድ ከበደኝና ዳገቱ ላይ አዳለጠኝ። ገመዱን በክንዴ ወደ ላይ አቅፌ በጉልበቴ ተደፋሁ። ጎረምሳው ጠመንጃውን አቀባበለ። አያ ፈንታ ከፊቴ ዘለው ቆሙ።

"ጉልበቷ ነው የነካው! ጉልበቷ ነው!"

አልተኮሰም። እስካሁን ጆሮዬ ተኩሱን ይጠብቃል።

ቅዳሜ፣ ዳንግላ

ዛሬ ደወልን፤ ሐይቁ ተለክቷል አልሁ። ኃላፊው ዓለሙን አቅርቢልኝ አለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። "ጎበዝ! በተሰበረ ክንድ ለካኸው?" ይለዋል።

ዓለሙ አየኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረና "አዎን፣ ጌታዬ" አለ።

የታሰረውን ክንዱን በጡጫ መታሁት። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። ስልኩን ነጥቄ "የለካሁት እኔ ነኝ!" አልሁ። ኃላፊው "ስትመጡ እንነጋገራለን" ብሎ ዘጋው።

ውሌን ይቀድደው ይሆናል። ይቅደደው። ከእንግዲህ ቢያባርረኝ ሴት ስለሆንሁ አይደለም፤ ሰው ስለመታሁ ነው።