በራዲም ስም የሚሰጠው ዋንጫ

ልጄ ብላንካ፣ ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፤ አንገትሽን ሸፍኚ።

ቅዳሜ የወንድምሽ የራዲም መታሰቢያ የበረዶ ላይ ዳንስ ውድድር ተካሄደ፤ ሰባተኛ ዓመቱ ነው። እንደ ልማዱ አንቺና እሱ የደነሳችሁበትን የቫልስ ሙዚቃ አሰሙ፤ በረዶው ላይ ግን ማንም አልወጣም። ሙዚቃው ሲያልቅ ራሴን ከበረዶው መውጫ በር ላይ አገኘሁት። እንደ ድሮው የመንሸራተቻ ጫማችሁን ስለት መሸፈኛ ላቀብል እጄን ዘርግቻለሁ፤ እጄ ላይ ምንም የለም።

በረኛው ሂኔክ አየኝና፣ "ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ ከበር የማይጠፉ ከሆነማ ትኬቱን እርስዎ ይቁረጡልኝና እኔ ልረፍ!" አለኝ። ሳቅኩለት።

ዋንጫውን ስሰጥ ምንጣፉ አዳለጠኝ፤ አልወደቅሁም፣ አትስጊ። አዘጋጁ ግን፣ "ለከርሞ ማን ይስጥልን?" ሲለኝ፣ "ልጄ ትመጣለች" አልኩት። ደስ ብሎት ስምሽን መዘገበው።

ከቀብሩ ወዲህ አዳራሹን እንዳልረገጥሽ አውቃለሁ። ደንሺ አልልሽም። ከቻልሽ ግን ውሸታም አታድርጊኝ፤ እዚያ ብቻዬን መቀመጥ ከብዶኛል።

መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ