ያልተዋጡት የእሁድ ክኒኖች

ውድ ዶክተር ውብአለም፣

ሰላምታ ካበዛሁ ወኔዬ ይከዳኛልና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ትናንት ሁለት ጊዜ ደውዬልዎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «ሃሎ» ሲሉ ዘጋሁት። ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ፤ ልጄ ደሳለች መድኃኒቱን አልዋጠችም። ሐሙስ ለጥናቱ ወደ ባሕር ዳር ይዘውት የሚሄዱት የእሷ ደብተር ውሸት አለበት። የዋሸሁትም እኔ አባቷ ነኝ።

ከደብዳቤው ጋር በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን ያገኛሉ። አርባ አራት ነው። አራት አራት አድርገው ቢመድቡት የአሥራ አንድ እሁድ ይሆናል። በእነዚያ እሁዶች ፊት «ተውጧል» ብዬ ያደረግሁት ምልክት ሁሉ ይሰረዝ።

ጥር ላይ ከጉና ሥር ይዣት ወደ ሐኪም ቤታችሁ ስመጣ ያስታውሳሉ። እናቷ ስርጉት ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ አልታጠፍ እያለ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትወጣው። እኔ ብርዱ ነው እል ነበር፤ ጎረቤት ዓይን ነው ይላል፤ አስተማሪዋ ደግሞ ስንፍና ነው አለ። እርስዎ ጉልበቷን በመዳፍዎ ይዘው፣ «ብርድም ዓይንም አይደለም። ሰውነቷ የገዛ መገጣጠሚያዋን እንደ ጠላት ቆጥሮ እያቆሰለው ነው። ለምን እንደሆነ እኛም ገና እያጠናን ነው» አሉኝ። እንዲህ ያሉ የደጋ ልጆችን መዝግባችሁ እንደምትከታተሉ ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። ነርስ ሲሳይ ደብተሩን ሰጠኝ። በየጠዋቱ ጉልበቷ በስንት ደቂቃ እንደሚላቀቅ፣ በየእሁዱ ደግሞ ክኒኑን መዋጧን እንድጽፍ። «አደራ ጋሼ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ብቻ። በሌላ ቀን ከሰጧት ይጎዳታል» አለኝ። እኔም እንደ ሕግ ያዝሁት።

ሁለቱን እሁድ ደህና ዋጠች። በሦስተኛው ትንሽ ሻል ስላላት አዝዬ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኋት፤ ቆረበች። ስርጉት ልትሞት ስትል «ልጄን ከቁርባን እንዳትለያት» ብላኝ ነበር። ቤት ገብታ እህል ከቀመሰች በኋላ ክኒኑን ሰጠኋት። ብዙም ሳይቆይ ደጃፍ ላይ አስመለሳት።

የቆረበ ሰው ያን ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም። እኔ ግን በገዛ እጄ ሰጥቼ አስመለስኋት። አፈሩን በጣቴ ፍቄ ሰብስቤ፣ እግር በማይረግጠው ቦታ ቀበርሁት። ስቀብር ልጅቱ አይታለች። «አባዬ፣ ኃጢአት ሠራሁ?» አለችኝ። «አንቺ አይደለሽም» አልኋት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር አቆርባትና ክኒኑን ቆርቆሮ ውስጥ ጥዬ ደብተሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ክኒኑን ልስጣት ብል ቁርባኑ፣ ቁርባኑን ልተው ብል የስርጉት ቃል። ቀኑን ልለውጥ ብል ደግሞ ይጎዳታል ተብያለሁ። መጠየቅ ነበረብኝ። የወፍጮ ቤት ሰው ነኝ፣ ከስምንተኛ አላለፍሁም፤ ነገሩን ባወጣው «ይኼ ባላገር» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ይህ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ደብተርህ ያምራል ስለተባልሁ ነው።

ባለፈው ስንመጣ ጉልበቷ አብጦ ነበር። «ደሱ፣ ክኒኑን እየዋጥሽ ነው?» አሏት። ወደ እኔ አየች። «አባዬ ያውቃል» አለች። እርስዎም ስቀው፣ «የአባዬንማ ደብተር ለወላጅ ሁሉ ነው የማሳየው» አሉ። ከዚያ ፊትዎ ጠቆረ። «እንግዲህ መድኃኒቱ ለእሷ አልሠራም ማለት ነው። እናቆመዋለን። ሌላው መድኃኒት ደግሞ እዚህ አይገኝም» አሉኝ። ጉልበቷ እንደታጠፈ ሊቀር እንደሚችልም ነገሩኝ። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ደብተሩን አስረክቤ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ የሐሙሲት ከተማው እሸቴ ደወለልኝ፤ ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅሁት፣ የእሱም ልጅ በዚሁ ሕመም የምትታከም ነው። «የእኔዋማ ገመድ እየዘለለች ነው» አለ። ቀጥሎ፣ «እናቷ ግን ለዚያ ደብተረኛ ሰውዬ ልጅ ካልሠራ ምን ዋስትና አለን፣ እናቁመው እያለችኝ ነው። አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ። ሰውዬው እኔ መሆኔን አያውቅም። «እንዳታቆሙ!» ብዬ ጮህሁ። ለምን ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴ መምሬ ገብረየሱስ እግር ላይ ወደቅሁ።

«ሐኪሟን ጠየቅህ?» አሉኝ።

«አልጠየቅሁም።»

«እኔንስ?»

«አፈርሁ አባ።»

«እግዜርንስ?»

«እሱንስ ለምኜዋለሁ።»

«እሱማ ሰኞንም ፈጥሯል» አሉ። «ደግሞ መድኃኒቱን የማን መሰለህ? የሰይጣን? ሂድና ለሐኪሟ እውነቱን ንገር። ንስሐህ እሱ ነው። ስግደቱን በኋላ እነግርሃለሁ፤ ጉልበትህ ደህና ነው አይደል?»

ዶክተር፣ ከጥናቱ ቢያስወጡኝ አልከፋም። ስሜንም በወላጆች ፊት ቢጠሩት፣ ለእሸቴ ሚስት ደውለው ቢነግሯትም መብትዎ ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ግን አይጻፉ። አሥራ አንድ እሁድ አፏ አልገባም እኮ! አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ ሰኞ ቢሰጣት ይሆናል? በገዛ እጄ አልጀምርም፤ ይደውሉልኝ። አሁንስ አልዘጋም።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ለደሳለች አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «እስኪ እስክሪብቶውን» አለችኝ። የጻፈችው ይኸው፦

*ዶክተር እኔም ዋሽቻለሁ። ጉልበቴ የሚላቀቀው በግማሽ ሰዓት አይደለም። ትምህርት ቤት የእረፍት ደወል እስኪደወል ነው። አባዬ ግማሽ ሰዓት ስለው ደስ ይለውና ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። ለዛ ነው። አይቆጡት።*

ይህን እኔም ገና አሁን ማንበቤ ነው። የዋሸሁት የእሁዱን ምልክት ብቻ፣ የጠዋቱን ደቂቃ ግን በእውነት የሞላሁ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ እሱንም ይሰርዙት። አዲስ ደብተር ከሰጡን የምትሞላው እሷ ናት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጉልበቷ ተላቅቆ እስክትነሣ እጠብቃለሁ።

ደብዳቤውን ዛሬ ማክሰኞ በሚኒባስ ሾፌሩ በአንዱአምላክ እጅ ልኬዋለሁ። እጅዎ ሳይገባ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ።

የደሳለች አባት
ባንተአምላክ መልካሙ