የወንድሜ እግርና የግድግዳችሁ ወረቀት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የበላይ ኃላፊ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ በተለይም እግሮችዎ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ወይ? እኛ የቀረው እግራችን ደህና ነው።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ ሽመክት ውዱ፣ በቆሰበርና በዙሪያዋ ካሉት የማታ ተማሪዎች ሁሉ በንባብ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሁሉ ስል ከክፍላችን ነው፤ ክፍላችንም ሦስት ነን፤ አንዷ ወይዘሮ ማናለብሽ ደግሞ መነጽራቸው ከተሰበረ ቆይቷል። የሆስፒታሉን ስም ያልጠቀስኩትም ለክብርዎ ብዬ እንጂ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም።

አንደኛ፤ የታላቅ ወንድሜ የዓባይነህ የቀኝ አውራ ጣት ሲጠቁር፣ ቤተሰቡ ሁሉ የእርካብ ነገር ነው ብለን ነበር። በአገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ እርካቡን በአውራ ጣቱ ይዞ ነው የሚጋልበው፤ ጣቱ ይላጣል፣ ይጠቁራል፣ ማንም አይደነግጥም። እኛ ሳንማር ያልነውን እናንተ ተምራችሁ ስለደገማችሁልን እናመሰግናለን። አራት ጊዜ መጣን፣ አራት ጊዜ ቅባት ተሰጠን። ሲሄድ ባቱን እንደሚይዘው፣ ሲቆም እንደሚለቀው፣ እግሩም እንደሚቀዘቅዘው ነግረናችኋል፤ የእግሩን ትርታ ለመዳሰስ ግን ጣታችሁን አላደከማችሁም።

ሁለተኛ፤ አራቱንም ጊዜ ተራ ስንጠብቅ ጀርባችንን ያስደገፍነው ግድግዳችሁ ላይ በተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ለወንድሜ ምርኩዝ ልወስድ ስመጣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የተዘጋ የእግር ደም ሥር ቶሎ ከታወቀ፣ እግር ሳይቀደድ፣ በብሽሽት በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ሊከፈት ይችላል ይላል፤ መንገዱም ሦስት ነው፤ ፊኛ፣ የሽቦ ወንፊትና መላጫ። ፊኛው ውስጥ ገብቶ ይነፋና ያሰፋዋል፤ ግን ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። የሽቦ ወንፊቱ እዚያው ቀርቶ ደግፎ ይይዘዋል፤ ጉልበት በሚታጠፍበት ቦታ ግን ሊሰበር ይችላል። መላጫው የደነደነውን ይፍቃል፤ ፍርፋሪው ግን ወርዶ ሌላ ቦታ እንዳይዘጋ ያሰጋል።

ለወንድሜ የቱ ይሻለው እንደነበር ቆሜ ሳሰላስል ዋልኩ። ፊኛውን መረጥኩለት። ተመልሶ ቢጠብም ተመልሰን እንመጣ ነበር፤ መመላለስ እንደሆነ ለምደነዋል።

ሦስተኛ፤ በአምስተኛው ጊዜ ያገኘነው ሐኪም እግሩን ዳሰሰና ረፍዷል አለን። ወረቀቱ ላይ የሌለውን አራተኛውን መንገድ፣ መጋዙን፣ ስለጨመራችሁልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እሱ ተመልሶ አይጠብም።

ለማንኛውም እርስዎ አይጨነቁ። ዓባይነህ ዘንድሮም ጥር ሃያ ሦስት፣ በፈረሰኞቻችን በዓል ቀን፣ በአንድ እግሩ እርካብ ይዞ ጋልቧል፤ ሕዝቡም በእልልታ ተቀብሎታል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱን ለሚደገፉት ሰዎች የሚያነብላቸው ሰው ይመድቡ። ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ የለኝም።

ወረቀትዎን በጀርባው ቀድሞ፣ በዓይኑ ዘግይቶ ያወቀው፣
አክባሪዎ ሽመክት ውዱ፣ ከጥርባ

ማስታወሻ፤ መምህርታችን ዮርዳኖስ ውሸት ያለበት ደብዳቤ አይፈረምም ስላሉኝ አንዱን ላርም። ዓባይነህ አልጋለበም። ያን ቀን ፈረሱን ኮርቻ ጭኜ ደጃፉ ላይ አቆምኩለት። ከተቀመጠበት ሆኖ ብዙ አየውና፣ ኮርቻውን አውርድለት፣ ይከብደዋል አለኝ።