የቅጥር ፈተናዬ በጥርስ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ

ለተከበሩ አቶ ባዩ፣ የሶፍትዌር ድርጅት ሥራ አስኪያጅና የቅጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የኮሚቴዎ አባላት የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። በተለይ ጥርስዎን አላህ ይጠብቅልዎ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ። የድርጅትዎን ስም ሳልጠቅስ የቀረሁት ስለማከብርዎ እንደሆነ ይታወቅልኝ።

እኔ ዘንድሮ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የተመረቅሁና ለእርስዎ ቃለ መጠይቅ ስል ጉብሬ በተከራየኋት ክፍል ሦስት ወር ሙሉ የተዘጋጀሁ አመልካች ነኝ። ጓደኛዬ ሔራን ጠያቂ፣ እኔ ተጠያቂ እየሆንን አልጎሪዝም ስንሸመድድ የከረምነው እርስዎ ፊት እንዳላፍር ነበር። ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. ከሁሉም ጥያቄ በፊት የማን ልጅ እንደሆንኩና ቡታጅራ ውስጥ ማንን እንደማውቅ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ማንንም እንደማላውቅ ስነግርዎ እስክሪብቶዎን ማስቀመጥዎ፣ በሦስት ወር ጥናት ያላገኘሁት ትምህርት ሆኖኛል።

2. ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ተቀምጦ እያለ ፕሮግራሙን በወረቀት ላይ አስጽፈው ለእያንዳንዱ ስርዝ ነጥብ ስለቀነሱብኝ አመሰግናለሁ።

3. «የተግባር ፈተና» ብለው የታካሚዎችን ተራ በስክሪን የሚጠራ ፕሮግራም በሦስት ቀን ሠርቼ እንዳስረክብ ስላዘዙኝ፣ ባስረከብኩም በሳምንቱ የሥራ ልምድ ስለሌለኝ መውደቄን በማኅተም ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማስታወቂያዎ «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» ይል ነበር፤ እኔ ከዜሮም አንሼ መገኘቴን ከእርስዎ ተረዳሁ።

4. ባለፈው ሳምንት እናቴን ዘይባ ሰይዶን ጥርሷን አሟት ከእንሴኖ ወደ ዶክተር ውድነሽ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኳት። የጠዋቱ በር ገና መከፈቱ ስለነበር ካርድ እንኳ አላወጣንም። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ግን «ዘይባ ሰይዶ፣ ክፍል አንድ» ብሎ ጠራ፤ እናቴም የአገልግሎቱን ፍጥነት እያደነቀች ተነስታ ገባች። ቀጥሎ ወደ ክፍል ሁለት የተጠሩት ከአራት ዓመት በፊት ወደ አኼራ የሄዱት አያቴ ሙከሚል ነበሩ።

ክቡር ሆይ፣ ስክሪኑ በበራ ቁጥር ቀድመው የሚጠሩትን እነዚያን ስሞች ፕሮግራሙን ለመሞከር ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሥራዬን ለክሊኒኩ ሲሸጡት የቤተሰቤን ስም እንኳ አልሰረዙም፤ የሰረዙት የእኔን ስም ብቻ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ «አዘጋጅ፦ ባዩ» የሚለውን ሳነብ እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ቂም ያዝኩ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ስለሰጡኝ ጊዜና ስለወሰዱብኝ ሥራ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በኮሚቴዎ ሚዛን ቀልዬ የተገኘሁት፣ በደንበኛዎ ግድግዳ ላይ ግን በየጠዋቱ ሥራ የምገባው፣

አክባሪዎ ሰልሚያ ዑመይር ሙከሚል
ጉብሬ

ማሳሰቢያ፦ ሙከሚል ማን እንደሆኑ ለዶክተር ውድነሽ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እርስዎና እኔ ፊታቸው ቀርበን ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እንድናስረዳ፣ ማስረዳት ለቻለውም የክሊኒኩን ሥራ በቋሚነት ሊሰጡ ወስነዋል፤ ጥሪው ነገ ይደርስዎታል። እኔ የጻፍኩት ስለሆነ ዝግጅት አያስፈልገኝም። እርስዎ ግን አራት ቀን አለዎት፤ በርትተው ያጥኑ።