የሚስተር ዊልኮት አተላ

ለእህቴ ለሎቪና፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሻል? ያ በብርድ ወራት የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? የሃይረም ጉልበት ተሻለው? ኤልሻ ቁመቱ አባቱን ሊደርስ ነው ብለሽ ነበር፤ ትንሿ ፊሉራ ጥርስ አበቀለች? እኔም መርሲም ልጆቹም ደህና ነን። እማዬ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ትቆጣለች፤ ስለዚህ ደህና ናት ማለት ነው። በረዶው እስከ መስኮቱ ደፍ ደርሷል።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሐሙስ ደረሰኝ። ሚስተር ዊልኮት ለእማዬ የላምባ ስጦታ መስጠቱን ከእሷ ሰምተሽ፣ “ቤቱ ድረስ ሄደህ በእኔ ስም አመስግንልኝ” ብለሽኛል። አላመሰገንኩም። አላመሰግነውምም። ምክንያቱን ልጻፍልሽ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። መጨረሻው ላይ የምለምንሽ ነገር ስላለ እስከዚያ ድረስ አንብቢው።

የከተማው ጋዝ እዚህ ስለማይደርስ ሚስተር ዊልኮት የመብራት ጋዙን እዚያው ግቢው ውስጥ እንደሚሠራ፣ እኔም ጋዙን የሚሠራውን መኪና እጠብቅ እንደነበር ታውቂያለሽ። ነገሩ ከባድ አይደለም። ምድር ቤቱ ውስጥ ግማሹ ውሃ ውስጥ የተነከረ ትልቅ የብረት ከበሮ አለ። ድንጋይ የሞላበት ሣጥን በገመድ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን በእጀታ እየጠመዘዝኩ እስከ ጣሪያው አወጣው ነበር፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ሲወርድ ከበሮውን ያዞራል፤ ከበሮው አየር ይገፋል። አየሩ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ አትክልቱ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። እዚያ፣ ከቤቱ አርባ እርምጃ ርቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቤንዚን የሞላ የብረት ጋን አለ። አየሩ በቤንዚኑ ላይ ያልፍና በትነቱ ሰክሮ በሌላ ቧንቧ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሳሎኑ ውስጥ የሚነደው ያ የሰከረ አየር ነው። መኪናውን የተከለው ሰውዬ ገና ያን ጊዜ፣ “ይሄ ጋን ቤት ውስጥ የገባ ቀን ቤቱ የናንተ መሆኑ ይቀራል” ብሎን ነበር።

ሽታው አይለቅም። መርሲ ካፖርቴን ከከብቶቹ ጋር ጋጣ ውስጥ ታሰቅለኛለች። የምበላው ዳቦ ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል። እሱስ ሥራ ነው፣ ይለመዳል።

ከቤንዚኑ ቀድሞ የሚተነው ቀላሉ ነው። ከባዱ ከጋኑ ሥር እየተጠራቀመ ይቀራል፤ አተላው ይባል። አተላው ሲበዛና ብርድ ሲገባ መብራቱ ይሞታል። ኅዳር መግቢያ ላይ ሰባኪው ለራት ተጠርተው መብራቱ እንደ ዶቃ አንሶ ሰማያዊ ሆነ። ሚስዝ ዊልኮት ሥጋውን ከድንቹ መለየት አቃተኝ ብላ ጮኸች። በማግስቱ ያው የተከለው ሰውዬ ተጠርቶ መጣና፣ “አተላውን ቅዱት። ባዶ ሜዳ ወስዳችሁ አቃጥሉት። ለማንም እንዳትሰጡት፣ ምንም ነገር ውስጥ እንዳትጨምሩት” አለ። በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሚስተር ዊልኮትም አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል።

ሁለት በርሜል ቀዳሁ። መልኩ የታመመ ፈረስ ሽንት ነው። ሚስተር ዊልኮት መጥቶ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ። “ይሄ ሁሉ ይጣል?” አለ።

የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ ሎቪና። እዚህ አገር አመዱ ሳሙና ይሆናል፤ የሟች ካፖርት ተቀዶ ለልጅ ልጁ ይሰፋል። እኔ ራሴ ዛሬም መንገድ ላይ የወደቀ ሚስማር አይቼ አላልፍም፤ ጎንበስ ብዬ አነሳለሁ። ስለዚህ፣ “ከእኔ ቤት የሚነድ ነገር አይጣልም” ሲል ሳላስበው ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አልዋሽሽም። ነቀነቅኩ።

አተላውን ከላምባ ጋር እኩል አስቀላቅሎ በስምንት ቆርቆሮ አስሞላኝ። የሚስዝ ዊልኮት የሴቶች ማኅበር ደግሞ በእያንዳንዱ ቆርቆሮ አንገት ላይ ቀይ ጥብጣብና ጥቅስ የተጻፈባት ወረቀት አሰረ። የምስጋና በዓል ስለደረሰ በወረቀት ፋብሪካው ቤቶች ለሚኖሩት ለስምንቱ ባልቴቶች፣ እማዬም አንዷ ናት፣ ይታደላል ተባለ። እኔም፣ “ጌታዬ፣ ሰውዬው እኮ አቃጥሉት ነው ያለው” አልኩት። “እነሱስ ምን ሊያደርጉት ነው? ያቃጥሉታላ!” ብሎ ሳቀ። ሚስዝ ዊልኮትም ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ከዚያ ጋሪውን ጫንኩ። የእማዬን ቆርቆሮ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጥኩት በዚህ በጄ ነው። ጥብጣቡን ፈትታ አጣጥፋ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ለአንቺም ያን ዕለት ጻፈችልሽ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ታንክፉል ፒዝን ቤተ ክርስቲያን አየኋት፤ ከእማዬ በሁለተኛው ቤት ያለችው፣ ልጆች ሳለን ፖም የምትሰጠን። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ምን ሆነሽ ብላት ምድጃ ነው አለች። ስመለስ በቤቷ በኩል አለፍኩ፤ የመስኮቱ መጋረጃ የለም፣ ግድግዳው ጠቁሯል። ገብቼ ወጥሬ ያዝኳት። ሞቆ የቆየውን ፋኖስ ልትሞላ ጎንበስ ብትል እሳቱ ዘሎ እጇንና መጋረጃውን ያዘ፤ ቆርቆሮውን ሊይዝም ምንም አልቀረውም። ታዲያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “እባክህ ኦሪን፣ ለሚስዝ ዊልኮት እንዳትነግርብኝ። አፍስሼው ነው፣ የኔ ጥፋት ነው። የሰጡኝን እንኳ መያዝ አልቻለችም እንዳይሉኝ።”

የቀሩትን ዞሬ ጠየቅኩ። አንዷ፣ “ፋኖሱ እሳት ይተፋል፤ ክሬ አርጅቶ ይሆናል” አለችኝ። ሌላዋ ሰባኪው ሲመጡ ብቻ ነው የማበራው አለች። አንዷ ስታበራው ባልዲ ውሃ አጠገቧ ታስቀምጣለች። ሁሉም ጥፋቱን በራሷ እጅ፣ በራሷ ክር፣ በራሷ ብርጭቆ አድርጋ አንዷ ለሌላዋ አልተነፈሰችም።

ወደ ሚስተር ዊልኮት ሄድኩ። የታንክፉልን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ “ጌታዬ፣ ደህና ነገር ከሆነ ዛሬ በእርስዎ መኝታ ቤት እናብራው” አልኩት። ቅር አላለውም፤ “እኛ ቤት ፋኖስ የለም እኮ ኦሪን፤ ጋዝ ነው ያለን” አለኝ። ይሄንን ሲል ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የሚናገረው። እንግዲያው ለሴቶቹ ይንገሯቸው፣ ይመልሱት አልኩ። ሚስዝ ዊልኮት ከወዲያ ሆና፣ “የማኅበሩ ሪፖርት ጋዜጣ ላይ ወጥቷል!” አለች። እሱም፣ “ሰጥቼ መርዝ ነበር ልበል? ከዚያ በኋላ ከዚህ ቤት እጅ ማን ይቀበላል? ይልቅ እንዳያፈሱ ንገራቸው” አለ። ቆርቆሮውን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ሠራተኛዋን ጨርቅ አምጪ ብሎ ጠረጴዛውን አስጠረገ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ መንደሩ ሁሉ ሲያይ፣ የተረፈውን አተላ ከፍ ወዳለው የእሱ ሜዳ ወስጄ ለኮስኩት። ነበልባሉ ከአጥሩ ዛፎች በላይ ወጣ፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ምሳቸውን ትተው መስኮት ላይ ተደረደሩ። በባልቴቶቹ ፋኖስ ውስጥ ምን ሲነድ እንደኖረ ያያሉ ብዬ ነበር። ያዩት የሚስተር ዊልኮትን ንብረት የሚያቃጥል ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተባረርኩ። አሁን ሣጥኑን የሚያወጣው የአትክልተኛው ወንድም ነው። እኔ እንጨት ቤት ሥራ ገብቻለሁ፤ ለእሱ አታስቢ።

የታንክፉልን ጨምሮ ሰባቱን ቆርቆሮ ሰብስቤ በምትኩ ንጹሕ ላምባ ሞላሁላቸው። ሴቶቹ ሲሰጡኝ ከኋላዬ በሩን ቶሎ ዘጉ፤ ከእኔ ጋር መታየቱን አልወደዱትም። ስምንተኛው የእማዬ ነው። እሱን ልወስድ አልቻልኩም።

ለምኛታለሁ። ተቆጥቻታለሁ። ደጅ አውጥቻት ከፋኖሷ ማንኪያ ሙሉ ሳህን ላይ አፍስሼ የበራ ስንጥር ስንዝር ከፍ አድርጌ ያዝኩበት። ሳይነካው ቦግ አለና ቅንድቤን ላሰኝ። “አየሽ እማዬ?” አልኳት። “አየሁ” አለች፤ “ታዲያ ጥሩ ይነዳላ።” ፈገግም አላለች። ልወስደው ስል ቆርቆሮውን ከአባታችን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። “አባትህ ሠላሳ ዓመት ከዊልኮት ቤት እንጀራ በላ፤ አንድ ቀንም ሰው ልከው ከቤት ውጡ አላሉንም። አንተ በአንድ ቀን ሜዳቸውን አቃጠልክ። እኔ የተሰጠኝን ስጦታ መንገድ ላይ አልደፋም። አፈር ስሆን ቆፍረህ አውጣው” አለችኝ። የሚከብደኝ መሳሳቷ አይደለም። ስለ እሱ ስትናገር አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ዝቅ ያላለች ሴትዮ።

ሰብሬ ልወስደው እችላለሁ። ጠንካራ ሣጥን አይደለም። ግን ታውቂያታለሽ፤ በማግስቱ ሻሿን አስራ ሚስዝ ዊልኮት በር ትቆምና ሌላ ትለምናለች። የአዲሱ ዓመት አተላ ደግሞ ጋኑ ሥር እየተጠራቀመ ነው፤ ይሰጧታል።

ልመናዬ ይኸውልሽ። እኔን አትሰማም፤ አንቺን ትሰማለች። ጻፊላት። ስለ ዊልኮት አንድ ክፉ ቃል እንዳታነሺ፣ አመስግኚው እንኳ። አንቺ ባለሽበት በአይዋ የአንድ ጎረቤትሽ ፋኖስ ፈንድቶ ቤቷ ነደደ በይ። ዋሺ። እኔ ኃጢአቱን እካፈልሻለሁ። ከዚያም ያን ላምባ አልለቅም ካልሽ ዓይኔ እንቅልፍ አያገኝም፣ የያዝሽውን ለኦሪን ስጪው በያት። ደብዳቤውን ግን በእሷ ስም አትላኪው፤ በእኔ ስም ላኪው። ጠዋት፣ ፀሐይ መስኮቷ ላይ ሲመጣ፣ እኔ ወስጄ እሰጣታለሁ። ደብዳቤዎችሽን የምታነበው ሲመሽ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቷን አስጠግታ በዚያ ፋኖስ ነውና።

መልስሽ እስኪደርስ በየቀኑ ሳይመሽ እሄዳለሁ። ሁለት ሻማ እይዛለሁ፤ የፋኖስ ብርሃን ዓይኔን አመመኝ ብያታለሁ። “ፋኖስ ባለበት ቤት ሻማ ማንደድ ብክነት ነው” እያለች ትጨቃጨቀኛለች። ጉርሻዋን በልቼ፣ እሷ እስክትተኛ ተቀምጬ፣ ፋኖሱን ወደ መደርደሪያ አውጥቼ እመለሳለሁ። እስካሁን ሠላሳ አራት ቀን ሆነኝ።

ሃይረምን ሰላም በይልኝ፤ ጉልበቱን ሞቅ ባለ ጨው ይያዘው። ኤልሻን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ፊሉራን ሁለቱንም ጉንጯን። መርሲ ሰላም ትልሻለች፤ የሹራብ ክር ልካልሻለች። ልጆቼም አክስታችን እንዴት ናት ይላሉ። ታንክፉል ፒዝ እጇ ድኗል፤ ሁለቱ ጣቶቿ ብቻ አይታጠፉም፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። እማዬ ደግሞ ዛሬ ሻማዬን እያየች፣ “የሎቪናን ምስጋና ለሚስተር ዊልኮት አደረስክ?” ብላ ጠየቀችኝ። አድርሻለሁ አልኳት።

ወንድምሽ ኦሪን
ኢስት ሎሪንግ፣ ማሳቹሴትስ
ጃንዋሪ 24 ቀን 1876