ሰማያዊ መስመር ያለባቸው ቡሎኖች

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር የነፋስ ተርባይን ላይ ወጣን፣ እኔና አማቼ፣ የልጄ ባል። ሰማንያ ሜትር በመሰላል። ጉልበቴ አልከዳኝም፣ ተመስገን።

ሥራው ያው ነው። ኃይለኛው ነፋስ ሳይገባ የስልሳውንም ተርባይን ቡሎን አንድ በአንድ ማጥበቅ። የማጥበቂያው ቁልፍ ልክ ላይ ሲደርስ "ቀጭ" ይላል፤ ያኔ ትተወውና በቀለም ብዕር መስመር ታሰምርበታለህ። የኔ ሰማያዊ፣ የሱ ቢጫ። ማን እንዳጠበቀው ሳይጠየቅ ይታወቃል።

ጠዋት አለቃችን ሰብስቦን ነበር። "የግድቦቹ ውሃ ጎድሏል። ዘንድሮ የአገሩ መብራት ያለው እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። ያለ ምክንያት የቆመ ተርባይን እንዳላይ!" ሌላም ነገር ብሏል... አፉ ውስጥ ያልጎመጉማል እንጂ መች ይናገራል።

ሥራ ስንጨርስ አማቼ፦ "ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመው ይውረዱ፣ እኔ ዕቃ ሰብስቤ እመጣለሁ።" ዕቃ ለመሰብሰብ አንድ ሰዓት ይፈጃል?

ረቡዕ፣ ጥር 7

ቤትም ነገር አለ። ልጄ መጥታ ከእናቷ ጋር ጓዳ ውስጥ ይንሾካሾካሉ። ስገባ ዝም።

"ምንድነው?"

"ምንም።"

ምንም! ከመቼ ወዲህ ነው በገዛ ቤቴ በሹክሹክታ የሚወራው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው... ስለኔ ነው የሚያወሩት። ባለቤቴ ደግሞ ዜና ባየሁ ቁጥር ሪሞቱን ትነጥቀኛለች። ጎረቤት አማረረ አሉ። ነገረኛ ጎረቤት።

ዓርብ፣ ጥር 9

አየሁት!

ሃያ ሁለት ቁጥር ላይ ነበርን። ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ የራሱን ጓጉንቸር ከታች ማብሪያው ላይ ያንጠለጥላል፤ የሁሉም ካልተፈታ ተርባይኑ አይነሳም። እኔ ወርጄ የኔን ፈታሁ። የሱ እንደተንጠለጠለ ነው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ ሃምሳ ደቂቃ። ሲወርድ ቦርሳው ትከሻውን አጉብጦታል። መኪናው ላይ ሲጥለው ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

"ምን ይዘህ ነው?"

"ዕቃ ነው፣ ጋሼ።"

ቁልፎቹ በሙሉ እኔ ጋ ናቸው። የምን ዕቃ?

ሰኞ፣ ጥር 12

መጋዘን ሄድኩ። መጋዘን ጠባቂዋ ሦስት ጊዜ አልጎመጎመች፣ በመጨረሻ ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ፦ አማቼ በሁለት ሳምንት ሠላሳ አራት አዲስ ቡሎን ወስዷል። ለምን ጻፈችው? ማንን ፈርታ ነው?

እኔ አንድም አዲስ ቡሎን ሲገባ አላየሁም። ታዲያ የት ገባ? ሰርቆ ለማን ይሰጣል? ቡሎን የጎደለው ማማ በዚያ ነፋስ ቢወድቅስ? ከሥሩ ሰው ያርሳል እኮ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እኔ ነኝ ሥራውን ያስተማርኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ልጄ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ብናገር የልጄን ቤት አፈርሳለሁ። ዝም ብል ማማው በሰው ላይ ይፈርሳል... ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመስኩም። ነገ ለአለቃው እናገራለሁ። በቃ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

የዛሬውን መጻፍ አለብኝ።

አለቃው ቢሮ፣ አማቼ ፊት፣ "የዚህ ልጅ ቦርሳ ይፈተሽ" አልኩ። አማቼ ላብ አጠመቀው። ጠጋ ብሎ፦ "ጋሼ፣ በእናትዎ ይተዉት። ቤት እንነጋገር።" እንዲህ ሲል ጭራሽ ጋልኩ። ቦርሳውን ራሴ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

አሥራ አንድ ቡሎን። አዲስ አይደሉም። አንገታቸው ቀጥኗል፣ ጥርሳቸው ተስቧል። ከልክ በላይ የተጠበቀ ቡሎን እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ነፋስ ሲበረታ ይበጠሳል። ሁሉም ላይ መስመር አለ። ሰማያዊ። አገላበጥኳቸው... አንድም ቢጫ የለም።

"ማነው እንዲህ ያጠበቀው?" አለ አለቃው።

"እኔ ነኝ" አለ አማቼ። "የሳቸውን ብዕር ተውሼ ነው።"

ውሸታም! ብዕሬ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ቁልፉን አምጡት" አልኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። "ከኋላዬ ሆናችሁ አጥብቁ። ቀጭ ሲል እጄን አነሳለሁ።"

ጠበቅሁ። ጠበቅሁ... "ኧረ ጀምሩ!" ብዬ ዞር አልኩ። አማቼ ዓይኑን አሸሸ። አለቃው ስድስት ጣት አሳየኝ። ስድስት ጊዜ ቀጭ ብሏል።

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የማይመጣ ድምፅ ስጠብቅ ነው ቡሎኑን የምገድለው። ልጁ ደግሞ እኔን አስወርዶ የኔን ጥፋት በአዲስ ይተካል። እኔ ሌባ አልኩት።

ዓርብ፣ ጥር 16

ልጄ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ "አባዬ፣ እንዳይከፋህ ብለን ነው። እሱም ሥራህን እንዳታጣ ፈርቶ ነው።" ለካ ማንም አልተንሾካሾከም። ስለኔ ማውራታቸውን ግን አልተሳሳትኩም።

እሱ አልመጣም። ደውዬ ይቅርታ ልለው አሰብኩ... መልሱን በምን ጆሮዬ ልሰማው?

ሰኞ፣ የካቲት 10

የመስሚያ መሣሪያ ጆሮዬ ላይ ካደረግሁ ሳምንት ሆነኝ። ባለቤቴ ስትራመድ ነጠላ ጫማዋ ይጮሃል፤ ስንት ዓመት እንዲህ ይጮህ ነበር? ሰማያዊ መስመር ያለበት ቡሎን ሁሉ እንደገና ታይቷል። ማማ ላይ መውጣት ቀርቶብኝ ከታች መገናኛ ሬዲዮ ላይ ተመድቤያለሁ። ከፋኝ? አዎ፣ በጣም ከፋኝ። ነፋሱ ግን ገብቷል። ሃምሳ ዘጠኙ ይዞራሉ፤ አንዱ የቆመው አማቼ ላዩ ላይ ስላለ ነው።

በሬዲዮ ጠራኝ። "ጋሼ፣ ይሰማዎታል?" ሬዲዮውን ቁልፉ አጠገብ ያዘው።

ቀጭ።

"አንድ" አልኩ።

ቀጭ።

"ሁለት።"

ከዚያ ቀን ወዲህ በሥራ ነገር ብቻ ነበር የምናወራው። "ልጄ... ስለዚያ ቀን ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ሬዲዮው የሁሉ ነው፣ ኮረብታው ላይ ያለ ሠራተኛ በሙሉ ይሰማል።

ቁልፉን ሲያስቀምጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ።

"አልተሰማኝም፣ ጋሼ። እስቲ ይድገሙት።"

ተንኮለኛ! ጮክ ብዬ ደገምኩለት።