አባዬ አንቺን የጠሩበት ስም

ለእኅቴ ለአይናለም መንግሥቴ
ቤሩት

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? የአሠሪሽስ አመል ተሻለ? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን ለወጉ ያህል አልጠየቅሁሽም፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ውኃው ከሜዳው ሸሽቷል፣ ሩዙ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ከብቶቹም ደኅና ናቸው። እኔ በሥነ ልቦና ከተመረቅሁ ወዲህ ወረታ ወጥቼ ያላመለከትሁበት ቢሮ የለም። ተስፋዬ ግን እንዳለ ነው፤ ታውቂኝ የለ።

ስልክሽ ከመስቀል ወዲህ ዝግ ስለሆነብን ይህን ደብዳቤ በመንደራችን ሰው በአዛናው ልጅ በይርጋለም እጅ ልኬዋለሁ። እሷም ለሥራ ወደዚያው ትመጣለች።

ነሐሴ ላይ አባዬ በሬዎቹን ሊያወጡ ገብተው የርብ ወንዝ ሙላት ጠለፋቸው። ጎረቤት ጎትቶ ሲያወጣቸው ትንፋሽ አልነበራቸውም። ጋቢ አልብሰዋቸው ለቅሶ ተጀመረ። እምዬ ብቻ ጋቢውን ገልጣ በጆሯቸው «ገብረ ሐና» እያለች በክርስትና ስማቸው ትጠራቸው ጀመር። ነፍስ የምትሰማው እሱን ስም ነው ትላለች። ስትጠራ ስትጠራ ውኃ ተፍተው ዐይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ያናገሩት ጎረቤታችንን አያልነህን ነው፤ «አንተ፣ ቦቲዬ ጠበበህ አይደል?» አሉት። ለካ ከላይ ሆነው ሁሉን ሲያዩ ኖሯል፤ አያልነህ እያለቀሰ ቦቲያቸውን ሲለካ አይተውታል። ሰውየውን ላብ አጠመቀው፣ ግን አልካደም። ሰዉ እስከ ዛሬ በዚህ ይሥቅበታል።

እኔማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንጎል አየር ሲያጥረው እንዲህ ያለ ነገር ያሳያል ብለው አስተምረውናል፤ የቦቲውን ነገር ግን ማን ያስረዳኝ? ሰው ከገላው ውጭ ሆኖ ማየት ከቻለ ንቃተ ኅሊና የምንለው ነገር መኖሪያው ወዴት ነው? ለምርምር የሚሆን ነገር ቤቴ ድረስ መጣልኝ ብዬ አባዬን በጥያቄ ነዘነዝኋቸው። እሳቸው ግን ረጋ ብለው «መውጣቱ አይከብድም፤ በሩን ገርበብ አድርጌው ነው የመጣሁ» አሉኝ።

እውነትም ከዚያ ወዲህ ይወጣሉ። እኩለ ቀን ላይ መደቡ ላይ ጋደም ይላሉ፤ እጃቸው ይቀዘቅዛል፣ ዐይናቸው እንደ ተከፈተ ይቀራል። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስደን ነክረናቸዋል፤ ከዚያ እንፋሎት መሀል እንኳ እጃቸው በረዶ ነበር። ቀድሞ እምዬ አንዴ ስትጠራቸው ይመለሱ ነበር፤ አሁን ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች። የንስሐ አባታችን አባ ሉቃስ ጠበል አጥምቀው «ይብቃዎት መንግሥቴ፣ ሳይጠሩ አይሂዱ» ብለው ቢገሥጹዋቸውም አልሰሙም።

ባለፈው ሰንበት ተመልሰው አንቺን አየሁ አሉ። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝተሻል። ደግሞም፣ እታለም፣ ቆመሻል። ጀርባሽን ሰጥተሽ ያቺን የተኛችውን ራስሽን ታያለሽ። «አይናለም» ሲሉሽ አልዞርሽም። እምዬ «የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው» ብላ ነገረቻቸውና በማግስቱ በዚያ ስም ሊጠሩሽ ሄዱ።

«እሷ አልዞረችም» አሉኝ ሲመለሱ። «ከእግሯ ሥር ግን አንዲት ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። እሷ ዞራ ሣቀችልኝ።»

ወደ ክርስትና እናትሽ ወደ እትዬ ጸሐይነሽ ሮጥሁ። ስሙን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ወለተ ሚካኤል ያንቺ አይደለም፤ አንቺ ከመወለድሽ በፊት ገና መሄድ እንደ ጀመረች የሞተች የእምዬ በኩር ልጅ ስም ነው። ሁለታችሁንም ክርስትና ያነሡ እሳቸው ናቸው። እኔ እንዲህ ያለች እኅት እንደ ነበረችን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ማንም ስሟን አያነሣም። እምዬ ከድካሙ ብዛት ሁለታችሁን አምታታ ነው። ያንቺን እትዬ ጸሐይነሽ ነግረውኛል፤ በሰው እጅ በሚሄድ ወረቀት ላይ ግን የክርስትና ስም አልጽፍም።

አሁን አባዬ በተነሡ በተቀመጡ ቁጥር «እውነተኛ ስሟ ማነው?» ይሉኛል። ብነግራቸው ሊጠሩሽ ይሄዳሉ፤ ለመመለሳቸው ዋስ የለኝም። ባልነግራቸው፣ ያዩት እውነት ከሆነ፣ አንቺ እዚያው እንደ ቆምሽ ልትቀሪ ነው። ምርምር ምርምር ስል የነበርሁት ልጅ ዛሬ የምመኘው አባዬ ተሳስተው እንዲገኙ ብቻ ነው። ይርጋለም እንዳገኘችሽ በእሷ ስልክ ደውዪ። የምተኛው አልጋ ላይ ነው በይኝ። ክፍሌ ውስጥ ማጠቢያ የለም በይኝ። አባዬ ድምፅሽን ከሰሙ የሚሄዱበት ምክንያት አይኖርም። እትዬ ጸሐይነሽን ስሙን እንዳይነግሩ ለምኛቸው ነበር፤ «አባት ልጄን ልጥራ ሲል እኔ ምን ብዬ እከለክላለሁ?» አሉኝ። አባዬ ዛሬ ጠዋት ዱላቸውን ይዘው ወደ እሳቸው ቤት ወጥተዋል።

አባ ሉቃስ በጸሎት አስብሻለሁ ብለዋል። ታናሻችን ሰብለ ወንጌል ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። እምዬ ከትናንት ጀምሮ ድምፅዋ ጨርሶ ስለ ተዘጋ በእጇ ደረቷን እየመታች ሰላም በልልኝ ብላሻለች። አባዬ ግን ሲወጡ ምን ብዬ ልጻፍልዎት ስላቸው፣ አትጻፍ፣ ሰላምታዬን ራሴ አደርሳለሁ ነው ያሉኝ።

ወንድምሽ እንዳልካቸው
ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.